ፀሐይ በዘገየችበት ዓመት የተለቀመ ወይን

በቡርጎኝ ቀይ ወይን ጠርሙስ ላይ ከሚጻፉት ነገሮች ሁሉ ገዢው ቀድሞ የሚያየው ዓመቱን ነው። የማሳው ስም፣ የመንደሩ ስም፣ የአምራቹ ስም እያለ ዓይን የሚያርፈው ፍሬው በተለቀመበት ዓመት ላይ ነው። ዓመቱ መልካም ተብሎ ከተመሰከረለት ዋጋው ይሰቀላል፤ ክፉ ከተባለ ደግሞ ጠርሙሱ ከመደርደሪያው ሳይወርድ ይከርማል። ብዙ ሰው ቀምሶ ሳይሆን ሰምቶ ይፈርዳል።

እዚህ የምንመለከተው ክፉ ከተባሉት ዓመታት አንዱን፣ 2004ን ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። 2004 ከሌሎቹ ይልቅ ለማስተማር ይመቻል። ዓመቱ ፍጹም ጥፋት አልነበረም፤ አንዱ አምራች መልካም ወይን ሲያወጣበት ጎረቤቱ ከአጥር ማዶ የማይጠጣ ወይን አውጥቶበታል። ያን ጊዜ በርሜል የገባው ጭማቂ ደግሞ ዛሬ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ዕድሜ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ማየት ይቻላል። እኔ በዚህ ጉዳይ የማምነው አንድ ነገር ነው፦ ዝናቡ ለሁሉም እኩል ቢዘንብም፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ብርጭቆ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው ነገር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተወሰነ የሰው ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ቡርጎኝ በምሥራቅ ፈረንሳይ ያለ አገር ነው። ታላላቆቹ ቀይ ወይኖቹ የሚበቅሉት ኮት ዶር በሚባል ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ ተዳፋቱ ከዲዦን ከተማ በስተ ደቡብ ጀምሮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ቀጭን ነው፤ በብዙ ሥፍራ ከታች እስከ ላይ በእግር ለመውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሰሜናዊው ክፍል ኮት ደ ኑዊ፣ ደቡባዊው ኮት ደ ቦን ይባላል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከላዩ ሸክላ የተቀላቀለበት አፈር አለው። ከተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለው መሬት ውኃ አይቋጥርም፤ ከግርጌው ያለው ሜዳ ግን አፈሩ ወፍራም ስለሆነ ዝናብ ሲበዛበት ይረጥባል፣ እርጥበቱንም ይዞ ይቆያል።

የማሳዎቹ ማዕረግ የተሰጠው በዚህ ልዩነት ነው። ከላይ ግራን ክሩ የሚባሉት ጥቂት ማሳዎች፣ ከዚያ ፕሪሚዬ ክሩ፣ ከዚያ በመንደር ስም የሚሸጡት፣ ከሁሉም በታች ደግሞ በጠቅላላው በቡርጎኝ ስም የሚሸጡት ይገኛሉ። መነኮሳት ለዘመናት ያረሱት መሬት ነው። በ1098 የተመሠረተው የሲቶ ገዳም መነኮሳት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማልማት የጀመሩት ክሎ ደ ቩዦ ዛሬም በግንብ የታጠረ፣ 50 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው አንድ ማሳ ነው። እስከ 1889 ድረስ በአንድ ባለቤት እጅ ነበረ፤ አሁን ወደ 80 የሚጠጉ ባለቤቶች ተከፋፍለውታል። ሁሉም ጠርሙሳቸው ላይ ያንኑ ስምና ያንኑ የግራን ክሩ ማዕረግ ይጽፋሉ። ነገር ግን ላይኛው፣ ከአሮጌው ሕንፃ አጠገብ ያለው ክፍል ውኃውን ቶሎ ሲያሳልፍ፣ ከዋናው መንገድ ጋር የሚዋሰነው ታችኛው ክፍል በዝናባማ ዓመት ይጨቀያል። በፀሐያማ ዓመት ይህ ልዩነት ይጠባል። 2004ን በመሰለ ዓመት ግን አንድ ስም የያዙ ሁለት ጠርሙሶች የአንድ ማሳ ልጆች እስከማይመስሉ ድረስ ይራራቃሉ። መለያው ላይ ያለው ማዕረግ ይህን አይነግርም።

ሌላው የቡርጎኝ ጠባይ ታላላቆቹ ቀይ ወይኖቹ ከአንድ ዓይነት ፍሬ ብቻ መሠራታቸው ነው፤ ይኸውም ፒኖ ኗር ነው። በሌላው የፈረንሳይ ወይን አገር፣ በቦርዶ፣ ያለ አምራች ካቤርኔ ሶቪኞን የሚባለው ፍሬ ሳይበስልለት ሲቀር ቀድሞ ወደሚበስለው ሜርሎ ያጋድላል፤ ቅልቅሉን ለውጦ ክፉውን ዓመት ይሻገረዋል። የቡርጎኝ ገበሬ ይህ መሸሻ የለውም። ፒኖ ኗር ደግሞ ቆዳው ስስ፣ ዘለላው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ ዝናብ ከመካከላቸው ገብቶ ይቀራል፤ አንዷ ፍሬ ከሻገተች ሻጋታው ሳይታይ ከውስጥ ወደ ውስጥ ይዛመታል። ከላይ ደኅና መስሎ የታየ ዘለላ ሲገነጠል ልቡ ግራጫ ሆኖ ይገኛል። ግራጫው ሻጋታ ጣዕም ከማበላሸቱም በላይ ቀዩን ቀለም የሚያጠፋ ኢንዛይም ወይኑ ውስጥ ይተዋል፤ እንዲህ ያለው ወይን ያለ ዕድሜው ቡናማ ይሆናል።

አሁን ወደ ዓመቱ እንግባ። የ2004ን ነገር ለመረዳት ከ2003 መነሣት ያስፈልጋል። በ2003 አውሮፓን የመታው ሙቀት ቡርጎኝንም አቃጥሎ፣ ለቀማው በኦገስት አጋማሽ እንዲጀመር አስገድዷል፤ ይህ በአካባቢው ታሪክ እጅግ የተለየ ነው። በቦን ከተማ የለቀማ መጀመሪያ ቀን ከ1354 ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል። ተመራማሪዎች መዝገቡን ሲያጠኑት እስከ 1987 ድረስ ለቀማው በአማካይ ሴፕቴምበር 28 ይጀመር እንደነበረ፣ ከ1988 ወዲህ ግን በ13 ቀን ያህል እንደቀደመ አግኝተዋል። ከዚህ አንጻር ሲታይ 2004 ወደ ድሮው ጠባይ የተመለሰ ዓመት ነበር፤ ክፉ ያሰኘው ከሙቀቱ ዓመት ማግሥት መምጣቱም ጭምር ነው።

በሙቀቱ ዓመት ጥቂት ፍሬ ብቻ የሰጠው ተክል በ2004 ጉልበቱን ሁሉ አወጣ። ዘለላው በዛ። ይህ ለገበሬ ደስታ ይመስላል፤ ፀሐይ ባነሰበት ዓመት ግን አደጋ ነው። አንድ ተክል በቅጠሎቹ የሚሠራው ስኳር የተወሰነ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ዘለላ ሲካፈል ለስድስት የሚበቃውን ያህል አያጣፍጥም። በዚህ ምክንያት ጠንቃቆቹ አምራቾች በጁላይ ወር ገና አረንጓዴውን ዘለላ እየቆረጡ መሬት ጣሉት። ሌላው ጨከን ብሎ መቁረጥ አልቻለም፤ በሕግ የሚፈቀደው መጠን ለግራን ክሩ ቀይ በሄክታር ከ35 እስከ 37 ሄክቶ ሊትር ገደማ ቢሆንም፣ ተክሉ ከዚያ በላይ ተሸክሞ ነበር። የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ የሚታይ ውሳኔም ነው። ዘለላው ሳይቀነስለት የቀረው ወይን ውኃ ውኃ ይላል፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ያው ነው።

የበጋው ወራት ቀዝቃዛና ደመናማ ሆኑ። በእርጥቡ አየር ላይ ኦይዲየም የሚባለው ነጭ በሽታ ተነሣ። ይህ ፈንገስ በ1840ዎቹ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የገባ ሲሆን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ዱቄት የተነፋበት አስመስሎ ያለብሰዋል፤ ቆዳውን ያደርቅና ያሰነጥቃል። መድኃኒቱ ድኝ ነው፤ ያውም በሰዓቱ ከተረጨ። በቦን በኩል ያሉ አንዳንድ መንደሮች በዚያ ላይ የበረዶ ድንጋይ ወረደባቸው። ኦገስት፣ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለውጦ ስኳር የሚሰበስብበት ወሳኝ ወር፣ ግራጫና ዝናባማ ሆኖ አለቀ። በዚያን ጊዜ ማሳውን ያየ ሰው ዓመቱ ጠፋ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ሴፕቴምበር ሲገባ ግን ሰማዩ ጠራ። ፀሐይ ወጣች፣ ደረቅ ነፋስ ነፈሰና ዘለላውን አደረቀው፤ ሻጋታው ባለበት ቆመ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ውሳኔ መጣ፦ መቼ ይለቀም? ቶሎ የለቀመ ሰው ሰማዩ ዳግም እንዳይከዳው ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፣ የዓመት እንጀራው ማሳው ላይ ተንጠልጥሏል። የታገሠው ደግሞ ያቺን የዘገየች ፀሐይ አንድ ሳምንት ጨምሮ አበላው። ስኳሩ ጥቂት ከፍ አለ፤ ከስኳሩ ይልቅ ጠቃሚው ግን የቆዳውና የዘሩ መብሰል ነበር። ያልበሰለ ዘርና ቆዳ የሚሰጠው ታኒን ያልበሰለ ሙዝ አፍን እንደሚይዘው ምላስን ጨምድዶ ይይዛል። በሚገባ የበሰለው ታኒን ደግሞ ወይኑን ያቆመዋል እንጂ አፍ አያደርቅም። በ2004 ጠርሙሶች መካከል ያለውን ልዩነት ከሚያስረዱት ነገሮች ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ከለቀማው በኋላ ያለው ሥራ በክፉ ዓመት ከመልካሙ ዓመት እጥፍ ይሆናል። ዘለላው በጠረጴዛ ላይ እየተዘረጋ፣ ሠራተኞች በግራና በቀኝ ቆመው የተበላሸውን በእጅ ያስወግዳሉ። አሰልቺ ነው፣ ውድም ነው፤ እየተጣለ የሚሄደው የአምራቹ ገንዘብ ነው። ቀጥሎ የዘለላው እንጨት ይቀር ወይስ አብሮ ይብላላ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በዚህ ላይ ቡርጎኝ ሁለት ወገን አለው። በ2006 ያረፈው ዝነኛው አምራች አንሪ ዣዬ ፍሬውን ሁልጊዜ ከእንጨቱ ይለይ ነበር። ዶሜን ደ ላ ሮማኔ ኮንቲና ዱዣክ የመሳሰሉት አምራቾች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘለላውን ከነእንጨቱ በማብላላት ይታወቃሉ። እንጨቱ ሲበስል ቅመም የመሰለ መዓዛ ይሰጣል። አረንጓዴ ሳለ ከገባ ግን ወይኑን የተቀጠፈ ቅጠል ያሸተዋል፤ ፀሐይ ባነሰበት ዓመት አረንጓዴ እንጨት ይበዛል።

ስኳሩ ያነሰ እንደሆነ ሕጉ በልክ እንዲጨመር ይፈቅዳል። አሠራሩ ስሙን ያገኘው የናፖሊዮን የአገር ግዛት ሚኒስትር ከነበረው ኬሚስት ከዣን አንቷን ሻፕታል ነው፤ ነገሩን በ1801 በመጽሐፉ አስፋፍቶታል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ላይ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲጨመር አልኮሉ በአንድ ዲግሪ ከፍ ይላል። ጭማቂው በተፈጥሮው 11 ተኩል ዲግሪ የሚሰጥ ከሆነ ወደ 12 ተኩል ይደርሳል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ማጭበርበር አድርጎ ያየዋል፤ እኔ አልስማማም። በልክ ሲደረግ ወይኑን ይሞላዋል፣ መብላላቱንም ስለሚያራዝም ከቆዳው መዓዛ ለማውጣት ጊዜ ይሰጣል። ከልክ ሲያልፍ ግን ጉሮሮ የሚያቃጥል አልኮል በቀጭን ወይን ላይ ይቀመጣል፤ ይህን ደግሞ ዕድሜ አይሸፍነውም። በርሜሉም እንዲሁ ነው። የቡርጎኝ በርሜል 228 ሊትር ይይዛል፣ 300 ጠርሙስ ያህል ይሞላል። አዲስ የኦክ በርሜል ለጠንካራ ወይን ጌጥ ሲሆን ለደካማው ሸክም ነው። በ2004 ጥበበኛ የነበረ አምራች አዲሱን በርሜል ቀነሰ፣ ቆዳውንም በኃይል ከመጭመቅ ታቀበ፤ ማሳው ያልሰጠውን በግድ ለማውጣት አልሞከረም።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ጠርሙሱ ይታሸግና ምድር ቤት ይገባል። በሃያ ዓመት ውስጥ ምን ይሆናል?

ቀይ ቀለሙን የሚሰጡት ንጥረ ነገሮችና ታኒኖቹ ቀስ በቀስ እርስ በርስ እየተያያዙ ይገዝፋሉ። በጣም የገዘፉት ከፈሳሹ ወጥተው ከታች ይዘቅጣሉ፤ በአሮጌ ጠርሙስ ሥር የሚታየው አተላ እሱ ነው፣ የጤንነት እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። በዚህ ሂደት ቀለሙ ይሳሳል፤ ፒኖ ኗር ደግሞ ከመነሻውም ቀለሙ የሳሳ ነው። ከሩቢ ቀይ ወደ ሸክላ ቀይ ይሄዳል፣ ጠርዙ ብርቱካንማ ይሆናል። የትኩስ እንጆሪና የቼሪ መዓዛው ይደበዝዛል፤ በምትኩ የደረቀ ጽጌረዳ፣ የእንጉዳይ፣ የእርጥብ ጫካ አፈርና የቆዳ ሽታ ይወጣል። አሮጌ ቡርጎኝን የሚወዱ ሰዎች ለዚህ ሲሉ ነው የሚጠብቁት፤ እኔም ብሆን ትኩስ ፍሬ ብቻ የሚሸት ወይን ሃያ ዓመት ለምን እንደሚቀመጥ አይገባኝም።

አንድ ነገር ግን ብዙም አይለወጥም፦ ጎምዛዛነቱ። አሲዱ በሃያ ዓመት ውስጥ ከነበረበት ብዙ አይርቅም፤ የሚቀንሰው በዙሪያው ያለው ሥጋ ነው። ፍሬው እየሳሳ ሲሄድ ጎምዛዛው እየጎላ ይመጣል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ዓመት የተሠራ ወይን ሁለት ዕድል አለው። ፍሬው ከመነሻው በቂ ከነበረ አሲዱ ሕያው አድርጎ ያቆየዋል፤ ሃያ ዓመት አልፎትም ምራቅ የሚያስውጥ፣ ምግብ የሚጠራ ወይን ይሆናል። ፍሬው ቀጭን ከነበረ ደግሞ ጎምዛዛው ብቻውን ይቀራል። ይጠብቁት ይሻለዋል የሚለው ምክር የሚሠራው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። በ2004 ነጩ ወይን ከቀዩ የተሻለ ስም ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነጩ የሚሠራበት ፍሬ፣ ሻርዶኔ፣ እንዲህ ያለውን አሲድ ከፒኖ ኗር ይልቅ በደንብ ይሸከመዋል።

የ2004 ቀይ ሌላም ነገር አለው፤ ዓመቱን በዓለም ዙሪያ ያሳማውም እሱ ነው። ወይኖቹ ከታሸጉ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ብዙ ጠጪዎች ከዚህ በፊት ያላስተዋሉት አረንጓዴ ሽታ ማግኘት ጀመሩ፤ የጥሬ አተር፣ የተቀጠቀጠ ግንድ፣ የመራራ ቅጠል ሽታ። ከአነስተኛ መንደር ወይን እስከ ግራን ክሩ ድረስ ተገኘ። አንዳንዱ ሰው ፈጽሞ አይሸተውም፤ የሚሸተው ግን ከዚያ ሌላ ነገር ማጣጣም ያቅተዋል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ጠርሙስ ጠጥተው ሲከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ስለ መንስኤው ሁለት አስተያየቶች አሉ። አንደኛው ያልበሰለ ፍሬና እንጨት ነው ይላል፤ ከላይ ያየነውን ዓመት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀጥተኛ ማብራሪያ ነው። ሁለተኛው ጣቱን ወደ ቀያይ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛዎች ይቀስራል። እነዚህ ትናንሽ ነፍሳት በለቀማ ወቅት ዘለላው ውስጥ ተሸሽገው አብረው ሲጨፈለቁ፣ ሜቶክሲፒራዚን ከሚባሉት ውሑዶች አንዱን ከሰውነታቸው ይለቃሉ። ውሑዱ ኃይለኛ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የአንድ ግራም ጥቂት ቢሊዮንኛ ክፍሎች ብቻ ቢኖሩ አፍንጫ ይለየዋል። በካናዳ ኦንታሪዮ በ2001 የተሠሩ ወይኖች በዚሁ ምክንያት መበላሸታቸው ይታወቃል። ካቤርኔ ሶቪኞን ተመሳሳይ ውሑዶችን በተፈጥሮው ይይዛል፤ ፒኖ ኗር ግን ከሞላ ጎደል የለውም፤ ስለዚህ ሽታው በቡርጎኝ ሲገኝ ከውጭ መጣ ብሎ መጠርጠር ምክንያታዊ ነው። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ሁለቱም በየማሳው በተለያየ መጠን የሠሩ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የቅጠሉ ምሬት ከአተሩ ሽታ ተለይቶ የሚገኝባቸው ጠርሙሶች አሉ።

ለጠጪው ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሜቶክሲፒራዚን ወይን ውስጥ ከገባ በኋላ በቀላሉ አይጠፋም። ዕድሜ አያፈርሰውም። በጊዜ ብዛት የእንጉዳይና የጫካ መዓዛው ሲያይል አረንጓዴው ሽታ ከኋላ ሊሸሸግ ይችላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፍሬው ሲደክም ይበልጥ ይገለጣል። ስለዚህ አምስት ዓመት ሲሞላው አተር የሸተተ 2004 ሃያ ዓመት ሲሆነው ይድናል ብሎ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም።

ክፉ ዓመት ሁሉ በአንድ መንገድ አይከፋም። 1972 ቀዝቃዛና ዘግይቶ የተለቀመ፣ አሲዱ እጅግ የበዛ ዓመት ነበር፤ ሲወጣ ብዙ ሰው ፊቱን አዞረበት፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ግን የጠበቁትን አስደሰተ። በ1983 ሻጋታው ከሙቀት ጋር ተደባለቀ። 1968 እና 1975 በዝናብና በሻጋታ የጠፉ ናቸው፤ የዱዣክ መሥራች ዣክ ሴይስ የመጀመሪያ ለቀማው በ1968 መዋሉ ለጀማሪ እንዴት ያለ ፈተና እንደነበረ መገመት አያዳግትም። በ2016 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የወረደው ውርጭ ደግሞ የፍሬውን ብዛት ቀነሰ እንጂ የተረፈውን ጥራት አልነካም፤ ገበሬውን አከሰረ፣ ጠጪውን ግን አላሳዘነም። ስለዚህ ዓመቱ ክፉ ነው ሲባል የሚቀጥለው ጥያቄ መሆን ያለበት ውርጭ ነው፣ በረዶ ነው፣ ሻጋታ ነው ወይስ ፀሐይ ማጣት ነው የሚለው ነው። ውርጭና በረዶ በዋናነት ብዛትን ይወስዳሉ። ሻጋታ ቀለምንና ንጽሕናን ይወስዳል። ፀሐይ ማጣት ደግሞ ሥጋውን ወስዶ አጥንቱን ይተዋል።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ ለመግዛት ያሰበ፣ በተለይ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ከተሞች የሚኖርና በሐራጅ ወይም በአሮጌ ወይን ሱቅ የሚያጋጥመው አንባቢ፣ ቅደም ተከተሉን ቢለውጥ ይጠቀማል። መጀመሪያ አምራቹን፣ ቀጥሎ ማሳውን፣ በመጨረሻ ዓመቱን ይመልከት። የክፉ ዓመት ወይን ዋጋው ረከስ ስለሚል በመልካም ዓመት የማይቀመሰውን የታላቅ ማሳ ወይን ያስቀምሳል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥቶ ወይኑ ከቡሹ በታች ስንት እንደወረደ ማየትም ተገቢ ነው። ለሃያ ዓመት ወይን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው፤ ከአምስት ካለፈ ግን አየር ገብቶበታል ብሎ መጠራጠር ይገባል።

አቀማመጡ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ወሳኝ ነው። ከፓሪስ ወይም ከብራስልስ በሻንጣ ለስጦታ የመጣ ጠርሙስ እኛ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ሳሎን ውስጥ፣ በቡፌው መስታወት ውስጥ ነው። ለእንግዳ ይታያል፣ መብራት ያርፍበታል፣ ቀን ይሞቃል ማታ ይቀዘቅዛል፤ ቆሞ ስለሚከርም ቡሹ ይደርቃል። ለአሮጌ ቡርጎኝ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ጨለማ ያለበት፣ 12 ወይም 13 ዲግሪ አካባቢ የሚጸና፣ ጥቂት እርጥበት ያለው ቦታ ይፈልጋል፤ መቀመጥ ያለበትም በጎኑ ነው። ይህ ከሌለ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ ያለውን ቁም ሳጥን መምረጥና ሳይዘገዩ መጠጣት ነው። ጉዞ አተላውን ስለሚያነቃንቀው፣ ከመጣ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ሊከፈት ሲል አንድ ቀን ቀድሞ ይቁም፤ አተላው ከሥር ይሰበሰባል። አሮጌ ቡሽ ስለሚፈርስ በጠመዝማዛው መሣሪያ ከመጎተት ይልቅ ሁለት ስስ ምላስ ያለው መክፈቻ ይሻላል። ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥን ለጠንካራና ወጣት ወይን ይተዉት፤ ሃያ ዓመት የሆነው ቀጭን ፒኖ ኗር መዓዛው ተሰባሪ ስለሆነ በቀጥታ፣ በቀስታ፣ ሰፊ ሆድ ባለው ብርጭቆ ይቀዳ። 16 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ሽታ ብዙ ጊዜ የታፈነ ምድር ቤት ይመስላል፤ ሩብ ሰዓት ይታገሡት፣ ይጠራል። ካልጠራና እርጥብ ካርቶን መሽተቱን ከቀጠለ ጥፋቱ የቡሹ እንጂ የዓመቱ አይደለም። የመጨረሻዋ ጉንጭ፣ አተላው ያለባት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ትቅር።

ምግቡን በተመለከተ፣ ዶሮ ወጥ ለዚህ ወይን አይሆንም። በርበሬው መዓዛውን ጨርሶ ይውጠዋል፣ ጎምዛዛውንም ያጎላዋል። የተጠበሰ ዶሮ፣ እንጉዳይ፣ ቅመሙ ያልበዛበት የበግ አልጫ ቢቀርብለት ይናገራል።

የ2004 ቀይ ቡርጎኝ ከእንግዲህ መጠበቅ የሚጨምርለት ነገር የለም። መልካሞቹ አሁን ባሉበት ከፍታ ላይ ናቸው፣ ደካሞቹም የሚሻላቸው አይሆንም። በእጅዎ ያለ ጠርሙስ ካለ ዘንድሮ ይክፈቱት፤ አዲስ ሊገዙ ከሆነ ደግሞ አምራቹን እስኪያውቁ ድረስ ገንዘብዎን አያውጡ።